የማዳም ክፍል

በጅቡቲ ካርቲየ 2 በሚባለው ሰፈር ቀትር ሲቃረብ ሰው የሚቸኩለው ለሁለት ነገር ነው፤ ወይ ጫት ከመግባቱ በፊት ጉዳዩን ለመጨረስ፣ ወይ ጫቱ ሲገባ ከፊት ለመገኘት። እኔ ከመጀመሪያዎቹ ወገን ነኝ። ዮሳዲቅ እባላለሁ፤ በነፃ የንግድ ቀጠናው የዕቃ ሰነድ ከፈረንሳይኛ ወደ አማርኛ፣ ከአማርኛ ወደ ፈረንሳይኛ እየመለስኩ የምኖር ሰው ነኝ። በዚያ ቀን ወደ ኑረዲን የጽሕፈት መሣሪያ መደብር የገባሁት ለማተሚያዬ ቀለም ለመግዛት እንጂ ክርክር ፍለጋ አልነበረም። የሚያውቁኝ ሰዎች ግን ይህን አያምኑም።

ከባንኮኒው ፊት ጋሽ ኃይለማርያም ቆመው አገኘኋቸው። እሳቸውን የማያውቅ የጅቡቲ አበሻ የለም። አባታቸው በምድር ባቡር ዘመን መጥተው እዚሁ ቤት የመሠረቱ ናቸው። እሳቸውም ገና በወጣትነታቸው የምድር ባቡሩ ንድፍ ክፍል ገብተው ማስመሪያና ኮምፓስ ያዙ፤ ከዚያ ወዲህ በዚህ ከተማ ሱቅ ነድፈዋል፣ መኖሪያ ነድፈዋል፣ ለትልልቅ ሰዎች ቪላ ነድፈዋል። «ይህን የነደፍኩት እኔ ነኝ» ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። በነደፉት ቤት ደጃፍ ሲያልፉ ግን እርምጃቸውን ቀስ ያደርጋሉ፤ አብሯቸው የሚሄደው ሰውም ወዶ ሳይሆን በግዱ ቀስ ይላል።

«ካልክ አለህ?» አሉት ኑረዲንን። ካልክ የሚሉት ያንን ብርሃን የሚያሳልፍ፣ ነዳፊዎች የሚሠሩበትን ስስ ወረቀት ነው።

«ሙሲዬ ኃይለማርያም፣» አለ ኑረዲን ሶማሊኛ በተቀላቀለበት አማርኛው፣ «ካልክ የሚጠይቀኝ ሰው እርስዎ ብቻ ቀሩ። ማዘዝ ከተውኩ ቆየሁ። የዳቦ መጋገሪያ ወረቀት ግን አለኝ። እሱም ብርሃን ያሳልፋል።» ብሎ አንድ ጥቅል ባንኮኒው ላይ አኖረላቸው።

ጋሽ ኃይለማርያም ጥቅሉን ከመነጽራቸው በላይ አዩት። «እኔ ብስኩት ልጋግር ነው እንዴ የመጣሁት?»

ከኋላችን ሳቅ ተሰማ። የሳቀችው ጥበብ ነበረች፤ ትልቅ ወረቀት ልታሳትም መጥታ ተራዋን ትጠብቃለች። ጥበብ እዚሁ ጅቡቲ ተወልዳ ያደገች፣ ቱኒስ ሄዳ አርክቴክት ሆና የተመለሰች ልጅ ናት። ክርስትና ያነሷት ጋሽ ኃይለማርያም ናቸው፤ ስለዚህ «አባባ» ትላቸዋለች፤ ስትስቅባቸውም እንደ ልጅ ነው። ያን ቀን ግን ሳቋ ቶሎ ጠፋ።

«አባባ፣ የሴቶቹን ቤት ገና አልጨረሱትም?»

«እየሠራሁት ነው፣» አሉ። ቀኝ እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ነበር። ከገዙት እርሳስ ኑረዲን የመለሰላቸውን ሳንቲም በግራ እጃቸው ሲቀበሉ አየሁና ገረመኝ፤ ነገር ግን አልጠየቅሁም።

የሴቶቹ ቤት ምን እንደሆነ መናገር አለብኝ። በዚህ ከተማ በሰው ቤት እየኖሩ የሚሠሩ ብዙ እኅቶች አሉን። ሥራ ሲለቁ ወይም ሲታመሙ የሚያርፉበት የላቸውም። ሻንጣቸውን ይዘው ጓደኛቸው ወደምትሠራበት ቤት ይሄዱና አሠሪዋ እንዳታይ ወጥ ቤት ወለል ላይ ያድራሉ። ስለዚህ የሴቶቹ ማኅበር ብዙ ተሟግቶ፣ ከኢትዮጵያውያን ኮሚኒቲው ግቢ ጎን ያለው አሮጌ መጋዘን ፈርሶ በቦታው ማረፊያ ቤት እንዲሠራ አስፈቀደ። ንድፉን እንዲሠሩ ጋሽ ኃይለማርያም በክብር ተጠየቁ። ወሩ ሁሉ አለፈ፣ ንድፍ የለም። ከነጋዴዎቻችን አንዱ፣ ሩዝ አስመጪው አቶ ሽብሩ ደግሞ «ቦታው ዝም ብሎ ከሚቀመጥ መጋዘን ሆኖ ይከራይ» ማለት ጀመረ። የኮሚኒቲው ጉባኤ በሚመጣው ዓርብ ንድፍ ካልቀረበ የሽብሩን ሐሳብ ሊቀበል ነው። እኔ የጉባኤው ጸሐፊ ስለሆንኩ ይህን በእጄ ጽፌዋለሁ፤ እያናደደኝም ቢሆን።

«አባባ፣ አንድ ነገር ላሳይዎት፣» አለች ጥበብ። «ትናንት ሰው ሠራሽ አስተውሎቱ ላይ የሴቶቹን ቤት ሞክሬው ነበር። ደስ የሚል ነገር ወጣ።»

ጋሽ ኃይለማርያም ፊታቸው ተለወጠ። «ምን አልሽው? አስተውሎት? አስተውሎት ያለው ማን አስተውሎ ነው?»

ኑረዲን ሱቁን ሊዘጋ በሩን እየገፋ ነበር። «ክርክሩን ደጅ ውሰዱልኝ፣ እባካችሁ፣» አለና የዳቦ ወረቀቱን ጥቅል አንስቶ እኔ እቅፍ ውስጥ ከተተው። ለምን እኔ እንደሆንኩ አላውቅም።

የጋሽ ኃይለማርያም ቤት ከዚያ ሩቅ አይደለም። ራሳቸው የነደፉት የድሮ የሳንቃ ቤት ነው፤ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ መስኮቶቹ ላይ ንፋስ የሚያስገቡ ሳንቃዎች የተደረደሩበት፤ በረንዳው ላይ ያለ ክሊም ይቀመጡበታል። ክሊም የምንለው አየር ማቀዝቀዣውን ነው፤ በዚህ ከተማ ያለ እሱ የሚኖር ሰው ወይ ድኻ ነው ወይ ጋሽ ኃይለማርያም ነው። ቀዝቃዛ ውሃ አቀረቡልንና ተቀመጡ።

«እንግዲህ ንገሪኝ፣» አሉ። «ይህ ማሽንሽ ሙቀት ተሰምቶት ያውቃል? ሐምሌ ላይ ያ ትኩስ የበረሃ ንፋስ፣ ካምሲን፣ ሲነሣ፣ አሸዋው በበሩ ሥር ሲገባ፣ ጨርቅ አርሶ በሩ ሥር ጠቅጥቆ ያውቃል?»

«አያውቅም፣ አባባ። ማስመሪያዎም ግን አያውቅም።»

«ማስመሪያዬ ዐውቃለሁ አይልም።»

ይህችን ነጥብ ለእሳቸው መዘገብኩላቸው። ጥበብም ፈገግ ብላ ተቀበለች።

«ልክ ነዎት። ማሽኑም ዐውቃለሁ ሲል ማመን የለብንም። እኔ የምለው እንደ መሣሪያ እንያዘው ነው። በቃል የነገርኩትን ወደ ሥዕል ይለውጥልኛል። አንዱን ሳልወደው ሌላ ያመጣልኛል። ፀሐይ በየወሩ የትኛውን ግድግዳ እንደምትመታ፣ ንፋሱ በየትኛው መስኮት ገብቶ በየትኛው እንደሚወጣ አስልቶ የሚያሳይ ፕሮግራም አለኝ። ድሮ ይህን ለማወቅ ቤቱ ተሠርቶ ሰው እስኪገባበት መጠበቅ ነበረብን።»

«እኔ ንፋስ ከየት እንደሚመጣ ለማወቅ ቤት ተሠርቶ አልጠበቅሁም።»

«እርስዎ አልጠበቁም። ስንቱ ነው ግን እንደ እርስዎ? ከተማው ውስጥ ያለውን አዲስ ፎቅ ሁሉ ይመልከቱ። በምዕራብ በኩል መስታወት አድርገው ከሠሩ በኋላ ክሊም ሲሰቅሉ ነው የሚውሉት።»

ጋሽ ኃይለማርያም ይህን መቃወም አልቻሉም፤ በዚያ ጉዳይ ከእሳቸው የበለጠ የሚሳደብ የለምና። ነገር ግን ሌላ መንገድ ያዙ።

«ልጄ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። መስመር በእጅ ሲሳብ ጊዜ ይወስዳል። በዚያ ጊዜ ውስጥ በዚህ በር ማን እንደሚገባ ታስቢያለሽ፤ ልጅ አዝላ ነው ወይስ የውሃ ጀሪካን ይዛ? ስትሳሳቺ ደግሞ ቀለሙን በምላጭ ትፍቂዋለሽ። ወረቀቱ እንዳይቀደድብሽ ትንፋሽሽን ይዘሽ ነው የምትፍቂው። ትንፋሹን ይዞ ያረመውን ስሕተት ሰው አይረሳውም። የአንቺ ማሽን ትንፋሽ የለው፣ ምኑን ይይዛል?»

«ይህን እኮ ነው ከእርስዎ የተማርኩት፤ አልጥለውም። ግን ይቅርታ ያድርጉልኝና አንድ ልጠይቅዎት። ንድፉ አልቆ፣ ቀለሙ ደርቆ፣ ያኔ አንዱ ክፍል ጠባብ መሆኑ ቢታይዎት ሙሉውን ቀድደው እንደገና ይጀምሩ ነበር?»

ጋሽ ኃይለማርያም ውሃቸውን ጠጡ። «እንደ ባለቤቱ ነው፣» አሉ በመጨረሻ፣ እኔም ሳቅሁ። የእጅ ሥራ ድካም አንዳንዴ የመጀመሪያውን ሐሳብ የመጨረሻ ያደርገዋል፤ ይህን እሳቸውም ያውቃሉ። አንድ ለአንድ ሆኑ።

ጥበብ ላፕቶፑን ከፍታ ጠረጴዛው ላይ አዞረችው። እውነቱን ለመናገር ሥዕሉን ሳይ አፌ ተከፈተ። ነጭ ቤት፣ በረንዳው በቅስቶች የተከበበ፣ መስኮቶቹ ላይ የተፈለፈለ እንጨት፣ ደጁ ላይ ጥላ። ይህ ቤት በካርቲየ 2 መሀል ሲቆም ታየኝና ኩራት ተሰማኝ። «በቃ ይህ ነው፣ ዓርብ ይህን ይዘን እንቅረብ፣» አልኩ።

ጋሽ ኃይለማርያም ግን ፊት ለፊቱን አላዩም። «ውስጡን አሳዪኝ። ፕላኑን፣» አሉ።

ጥበብ ፕላኑን አወጣችላቸው። መነጽራቸውን አስተካክለው፣ በግራ እጃቸው ጣት ስክሪኑን እየተከተሉ ብዙ ቆዩ። ከዚያ ጣታቸው ቆመ።

«እነዚህ ምንድን ናቸው?»

«የሴቶቹ ክፍሎች።»

«መስኮታቸውስ?»

ጥበብ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች። ክፍሎቹ ከአንድ ትልቅ ወጥ ቤትና ከልብስ ማጠቢያ ቤት ኋላ ተደርድረዋል። ጠባብ ናቸው። መስኮት የላቸውም። በራቸው የሚከፈተው ወደ ወጥ ቤቱ ነው። ንፋስ በሚመጣበት ወገን ደግሞ ሰፊ ሳሎን ተንጣሏል።

«ሳሎኑ የማን ነው?» ጠየቁ ጋሽ ኃይለማርያም። «ማሽንሽ ሴቶቹን ጓዳ አስገብቶ ሳሎኑን ለማን ነው ያዘጋጀው?»

ጥበብ ፊቷ ቀላ። «የውጪውን ሳየው ደስ ብሎኝ ውስጡን በደንብ አላየሁትም፣» አለች። ሰበብ አለመፍጠሯን ወደድኩላት፤ በእሷ ዕድሜ እኔ ብሆን ኖሮ የኢንተርኔቱ ጥፋት ነው እል ነበር።

«አየህ፣ ዮሳዲቅ?» አሉኝ ጋሽ ኃይለማርያም። ድምፃቸው ውስጥ ድል ነበር። «ሙቀቱን ያልቀመሰ፣ ሰውን ያላሰበ። እጅ ቢሆን ኖሮ እዚህ ግድግዳ ላይ ሲደርስ ይቆም ነበር።»

እኔም፣ አልደብቅም፣ ወዲያው ወገን ለወጥኩ። ክርክሩ አልቋል፣ አሮጌው አሸንፏል ብዬ ቀለሜን ይዤ ልነሣ ነበር። ጥበብ ግን ዐይኗን ከፕላኑ አላነሣችም።

«አባባ፣ እኔ የነገርኩት "የቤት ሠራተኞች ክፍል" ብዬ ነው። ሌላ ምንም አላልኩም። ይህን ከየት አመጣው ብለው ያስባሉ?»

«እኔ ምን ዐውቃለሁ።»

«ሰው ከነደፈው ነው። ብዙ ሰው፣ ብዙ ዘመን የነደፈውን አይቶ ነው የተማረው። "ሠራተኛ" ስለው ሰው እስከ ዛሬ ለሠራተኛ የሰጠውን ክፍል መልሶ ሰጠኝ።»

ጋሽ ኃይለማርያም ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። ፕላኑን እንደገና አዩት። መነጽራቸውን አወለቁ፤ ያኔ ነው ድምፃቸው የተለወጠው።

«ይህን ክፍል ዐውቀዋለሁ፣» አሉ። «ከወጥ ቤቱ ኋላ፣ ጋዙ ከሚቀመጥበት ጎን። በነደፍኩት ቪላ ሁሉ አለ። ስሙን ንድፉ ላይ የምጽፈው እኔ ነበርኩ፣ በጥሩ ፊደል። ለምን መስኮት የለውም ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም፤ እኔም ራሴን አልጠየቅሁም። አሰፋሽ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ሳገባት ከእንዲህ ያለ ክፍል ነው ያወጣኋት። በሩን ከፍታ ለመተኛት ትፈራ ነበር፣ ዘግታው ስትተኛ ደግሞ ትታፈን ነበር። ይህን ራሷ ነግራኛለች። ከነገረችኝ በኋላም ነደፍኩት። በእጄ ነው የነደፍኩት፣ ልጄ። ትንፋሼን ይዤ።»

 ጥበብ እጇን በግራ እጃቸው ላይ አኖረች።

«እንግዲያው እጅም ማሽንም የለመደውን ይደግማል፣» አለች ቀስ ብላ። «ልዩነቱ ይህ ነው፤ እርስዎ አሁን ያዘኑበትን እሱ አያዝንበትም። ለዚህ ነው ብቻውን የማይተወው። ለዚህም ነው እርስዎን የምፈልግዎት።»

አንባቢዬ እዚህ ላይ ትንሽ ይቁም። ስለ አዲስ መሣሪያ ስንከራከር ሁልጊዜ አንዱ ወገን መልአክ፣ ሌላው ሰይጣን እንዲሆን እንፈልጋለን። መሣሪያው ግን የእኛኑ ነገር ነው የሚመልስልን። መልካችን ሲያስጠላን መስተዋቱን ብንሰብር የሚቀየር ነገር የለም፤ ፊታችንን መታጠብ ነው ያለብን።

በዚህ መሀል ቦንቱ መጣች። ቦንቱ የሴቶቹ ማኅበር ሊቀ መንበር ናት፤ ፕላቶ ዱ ሰርፓን በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር በአንድ የውጪ አገር ቤተሰብ ቤት እየኖረች ትሠራለች። ያ ቀን የዕረፍት ቀኗ ነበር። ምላሷ ስለታም ነው፤ ጉባኤ ላይ እሷ ስትነሣ ቃለ ጉባኤ መጻፍ ያስደስተኛል።

«እንደምን ዋላችሁ። ንድፉ ደረሰ ወይስ ለአቶ ሽብሩ ሩዝ ቦታ እንልቀቅ?» አለች ገና ሳትቀመጥ። ከዚያ የሦስታችንን ፊት አየችና ወንበር ስባ ተቀመጠች። ጥበብ ፕላኑን አሳየቻት፣ ምን ብላ እንደጻፈችና ማሽኑ ምን እንደመለሰ ነገረቻት።

ቦንቱ ክፍሎቹን አየቻቸው። አልተቆጣችም። «ይህችን ክፍልማ ዛሬ ጠዋት ነው ጠርጌያት የወጣሁት፣» አለች። «ታዲያ ምን ያስጨንቃችኋል? "ሠራተኛ" አትበዪው። የማዳም ክፍል በዪው።»

በጅቡቲ ያሉ እኅቶቻችን አሠሪያቸውን «ማዳም» ነው የሚሏት፤ ፈረንሳይ ትሁን ዐረብ፣ ሶማሌ ትሁን የአገራቸው ልጅ። ማዳም ማለት ቁልፍ ያላት ሴት ማለት ነው። ጥበብ ቦንቱን አየቻት፣ ከዚያ ጻፈች። የቀረውን ቃል ሁሉ እንዳለ ትታ ያችን አንዷን ብቻ ለወጠች።

ጠበቅን። አዲስ ፕላን መጣ። ወጥ ቤቱ ወደ ኋላ ሄደ። ሳሎኑ አነሰ። ክፍሎቹ ንፋስ ወደሚመጣበት ወገን ዞሩ፤ እያንዳንዱ ሁለት መስኮት፣ የግድግዳ ቁም ሣጥንና የራሱ በር ወደ በረንዳው አገኘ።

«አያችሁ፣» አለች ቦንቱ፣ «ማሽኑም ማዳምን ይፈራል።»

ጋሽ ኃይለማርያም ሳቁ። እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፤ ከፊሉ ሳቅ ብቻ እንዳልነበረ ግን ሁላችንም ዐውቀናል።

«ሌላስ ምን ይኑረው?» አሉ ሳቃቸው ሲበርድ። «አንቺ ንገሪን። ቤቱ የእናንተ ነው።»

«ሰገነት። በሙቀት ወራት ሁላችንም የምንተኛበት ጣሪያ፣ ዙሪያው የሚከልል፣ ከመንገድ የማይታይ። ከዚያ ደግሞ በሩ ከውስጥ የሚቆለፍ ይሁን። ከውስጥ።» ስክሪኑ ላይ ያለውን በር በጣቷ ነካች። «እዚህ ከመጣሁ ጀምሮ ክፍሌ ሰው አንኳኩቶ ገብቶ አያውቅም። ዝም ብሎ ነው የሚገባው። ማዳሜ ደግ ሴት ናት፣ ክፉ አትናገረኝም። ግን አታንኳኳም።»

ጋሽ ኃይለማርያም ደረጃውን እንዴት ከበረንዳው ጎን ወደ ሰገነቱ እንደሚያወጡት ወዲያው ታያቸው። ይህን በዐይናቸው ውስጥ አይቻለሁ። «ወረቀት፣» አሉ። ያለው ወረቀት ኑረዲን ያሸከመኝ ብቻ ነበር። የዳቦ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁላቸው። እርሳሳቸውን ለመያዝ ቀኝ እጃቸውን ከኪሳቸው አወጡ።

እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። የመጀመሪያው መስመር ቀጥ ብሎ ጀመረና ተንቀጠቀጠ፤ ሁለተኛው ከፊተኛው ባሰ። ወሩን ሙሉ ንድፍ ያልመጣው ለምን እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ጋሽ ኃይለማርያም እርሳሱን አኖሩ።

«አያችሁት እንግዲህ፣» አሉ። «እጄ ከዳኝ። ለማን ልንገር? ኃይለማርያም መስመር መሳብ አቃተው ይባል? የመጨረሻዬ ይህ ይሁን ብዬ ነበር፤ አሰፋሽ ብትኖር የምትኮራበት አንድ ቤት።»

 ጥበብ ስልኳን አውጥታ ያንን የተንቀጠቀጠ መስመር ፎቶ አነሣችው፣ ወደ ላፕቶፑ አስገባችው፣ ጥቂት ሠራችና አዞረችላቸው። መስመሩ ቀጥ ብሎ፣ ደረጃው በበረንዳው ጎን ወጥቶ ነበር።

«ቀጥ አደረገው፣» አሉ ጋሽ ኃይለማርያም። ደስታ አልነበረበትም። «እንግዲያው ይህ የእሱ ነው እንጂ የእኔ አይደለም።»

«አባባ፣ ድምፅዎ ተንቀጥቅጦ ቢናገሩና ዮሳዲቅ በንጹሕ ጽሕፈት ቢያስቀምጥልዎት ቃሉ የማን ነው?»

«የእኔ ነዋ።»

«ይህም እንደዚያ ነው። ደረጃው በዚህ በኩል ይውጣ ያለው ማነው? ማሽኑማ ደረጃ የሚባል ነገር አላወጣም ነበር።»

ጋሽ ኃይለማርያም ስክሪኑን አዩ፣ የዳቦ ወረቀቱን አዩ።  ከዚያ እርሳሱን እንደገና አነሡና፣ «ሰገነቱ ላይ ያለው ከለላ ድፍን ከሆነ ንፋስ ይዘጋል፤ እንደ እኔ መስኮት በሳንቃ ይደርደር፣» ብለው እየተንቀጠቀጡ መንደፍ ቀጠሉ። ክርክሩ እዚያ ላይ አለቀ። ማን አሸነፈ ብዬ መመዝገቡን ረሳሁት።

እስከ ዓርብ ድረስ በረንዳው ላይ ሰው አልጠፋም። እሳቸው በዳቦ ወረቀት ይነድፋሉ፣ ጥበብ ታስገባለች፣ ማሽኑ ያወጣል፣ ሁለቱ ተቀምጠው ያርማሉ። ማሽኑ አንድ ቀን ደረጃውን የጎረቤት ግድግዳ ውስጥ አስገብቶት ጋሽ ኃይለማርያም ቀኑን ሙሉ ሲስቁበት ዋሉ። በሌላ ቀን ደግሞ እሳቸው እርግጠኛ የሆኑበትን መስኮት የፀሐዩ ስሌት ከሰዓት በኋላ እሳት እንደሚሆን አሳየና፣ በእርሳሳቸው ራሳቸው አዞሩት። ጥበብ የግድግዳውንና የጣሪያውን ጥንካሬ ከመሐንዲስ ጋር ተቀምጣ አሰላች።

ዓርብ ጉባኤው ሞላ። ንድፉ በትልቅ ወረቀት ታትሞ ግድግዳው ላይ ተሰቀለ፤ ከጎኑ ጥበብ የዳቦ ወረቀቱን ሰቀለችው፣ ጋሽ ኃይለማርያም «ተዪው፣ ያሳፍራል» እያሉ። አቶ ሽብሩ ተነሣ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሩዙን የሚያስቀምጥበት ያጣ ነጋዴ ነው።

«ቤቱ ያምራል፣» አለ። «ግን ማሽን ነው የነደፈው ይባላል። ነገ አንድ ነገር ቢሆን ማንን እንጠይቃለን? ማሽኑን?»

ጋሽ ኃይለማርያም ከመቀመጫቸው ተነሡ። ቀኝ እጃቸውን ከኪሳቸው አወጡና ሁሉም እንዲያየው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት።

«አቶ ሽብሩ፣ ጥያቄህ ተገቢ ነው። ማሽኑን አትጠይቀውም። እኔን ትጠይቀኛለህ፣ ጥበብን ትጠይቃታለህ፤ ስማችን ከንድፉ ሥር አለ። ባለፈው ሳምንት ብትጠይቀኝ እኔም እንደ አንተ እናገር ነበር። አሁን ግን የማውቀውን ልንገርህ። ይህ እጅ አልቻለም፤ ማሽኑ ባይኖር የማውቀው ሁሉ ከእኔ ጋር ይቀበር ነበር። ማሽኑ ደግሞ ብቻውን ቢተው እኅቶቻችንን ጓዳ ያስገባቸው ነበር። ፀሐዩን ሰው ሳይቃጠል አሳየን፤ ስሕተታችንን ግድግዳው ሳይቆም አሳየን። ለማን እንደሚሠራ የነገረው ግን ሰው ነው። እኔ ዘመኔን ሁሉ ለማን እንደምሠራ ያልጠየቅሁበት ክፍል ነበር። አሁን ጠይቄያለሁ። መልሱ ያው ግድግዳው ላይ ነው።»

ቦንቱ ወደ ግድግዳው ሄዳ የዳቦ ወረቀቱን አነበበች። በየክፍሉ መሀል፣ በተንቀጠቀጠ ግን በዚያ በድሮው ጥሩ ፊደል፣ አንድ ቃል ተጽፏል። «ማዳም፣» አነበበች። «ማዳም። ማዳም። ማዳም።» ሴቶቹ መሳቅ ጀመሩ፣ ከዚያ እልልታው ተነሣ። አቶ ሽብሩም አጨበጨበ። እኔ ቃለ ጉባኤው ላይ «በሙሉ ድምፅ ጸደቀ» ብዬ ጻፍኩ፤ ከጻፍኳቸው ሁሉ ያችን መስመር እወዳታለሁ።

ከዚያ ወዲህ በከተማችን ያሉ ወጣት አርክቴክቶች ወደዚያ በረንዳ ይመላለሳሉ። ላፕቶፕ ይዘው ይመጣሉ፣ ጋሽ ኃይለማርያም እርሳስ ያስይዟቸዋል። «መጀመሪያ በእጅህ አስብ፣ ከዚያ ለማሽኑ ንገረው፣ ከዚያ ደግሞ አትመነው፣» ይሏቸዋል። ጥቅሙ ለሁሉም ደረሰ። ወጣቶቹ ያለ ክሊም የሚኖርበትን ቤት ብልሃት ከሚያውቀው ሰው ይማራሉ፤ ሽማግሌውም እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ይነድፋሉ፣ አያፍሩም። ኑረዲንም ካልክ ማዘዝ ጀምሯል፤ የዳቦ ወረቀቱን ግን ጋሽ ኃይለማርያም እምቢ አልተውም ብለዋል።

ቤቱ ሲመረቅ ቀለሙ ገና አልደረቀም ነበር። ቅስቶቹ ቆመዋል፣ ሰገነቱ በሳንቃ ተደርድሯል፣ የባሕሩ ንፋስ በአንዱ መስኮት ገብቶ በሌላው ይወጣል። የመጀመሪያውን ክፍል ቁልፍ ለቦንቱ ሰጠናት። ገብታ እንድታሳየን ነበር ሐሳባችን። ቦንቱ ግን ገባችና በሩን ዘጋችው። ቁልፉ ከውስጥ ሲዞር ሰማን።

ቆምን። እንግዶች አሉ፣ ምግብ ቀርቧል። አንድ ሰው እጀታውን ሊይዝ እጁን ሲዘረጋ ጋሽ ኃይለማርያም በዐይናቸው ከለከሉት። ራሳቸው ወደ በሩ ተጠጉና በዚያች በምትንቀጠቀጥ እጃቸው አንኳኩ።

«ማነው?» አለች ቦንቱ ከውስጥ።

«ኃይለማርያም ነኝ። ልግባ፣ ማዳም?»

 «ትንሽ ይቆዩ፣» አለች።

ቆየን።